በሁዳዴ መግቢያ የቀለጠው የሄቨን ወተት

እህቶቼ፣ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተናድጄ ነው። ታገሡኝ፤ ሕፃን ያለበት ነገር ስለሆነ ነው።

ፍኖተ ሰላም የምንኖርበት ግቢ የወይዘሮ ደጊቱ ነው። ዋናው ቤት የእሷ፣ ከጓሮ ካሉት ክፍሎች አንዱ የእኔ፣ አንዱ የመምህርት እስከዳር። እስከዳር የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት። ባሏ አንዷለም ቡሬ ስለሚሠራ የሚመጣው ለእሑድ ነው። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ማስተማሯ ስትመለስ ሕፃኗን ሄቨንን ቀን ቀን የምይዝላት እኔ ሆንሁ።

ልጅቱ ጡት እንዳይቀርባት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሰብለ ለሁለታችንም አሳየችን። እስከዳር እጇን ታጥባ ጡቷን ታልባለች፤ ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ላስቲክ ላይ ቀኑን ጽፋ ወተቱን ጠፍጠፍ አድርጋ በፍሪጁ በረዶ ቤት ታስተኛዋለች። ማታ ለነገ የሚበቃውን ወደ ታችኛው ክፍል ታወርደዋለች፤ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ያድራል። ጠዋት እኔ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ በእጄ አንጓ ላይ ጠብ አድርጌ ሙቀቱን አይቼ፣ በሲኒ አጠጣታለሁ። "እሳት ላይ አይጣድም" አለችን ሰብለ። "አንዴ ከቀለጠ በቀኑ ካልጠጣችው ይደፋል። ተመልሶ በረዶ ቤት አይገባም። አደራ!"

ፍሪጁ የደጊቱ ነው። ቦታ ሰጠች፣ አፏ ግን ዝም አላለም።

"አንቺ መምህርት፣ ላም ሆንሽ እንዴ? ነገ ደግሞ ቅቤ አውጥተሽ ገበያ ትወርጃለሽ!"

"እርስዎ ቦታውን አይንፈጉኝ እንጂ እትዬ፣ የመጀመሪያው ቅቤ ለእርስዎ ነው" ትላታለች እስከዳር እየሳቀች።

ሁዳዴ ገባ። ደጊቱ ስትጾም ቤቷም አብሯት ይጾማል። ቅቤ የነካው ድስት ይገለላል፣ ወተት የያዘው ዕቃ በሙቅ ውኃ ይታሻል። ይህ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ደጊቱ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ነቅላ ስታጥብ የእስከዳርን ላስቲኮች ሁሉ አውጥታ በሳፋ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። ወተት የፍስክ ነው ብላ ነዋ! በረንዳዋ በመንገዱ በኩል ስለሆነ እኔ ጓሮ ሆኜ አላየሁም፤ ሁሉንም ያወቅሁት ኋላ ነው። ፀሐዩ ሳፋው ላይ ወጣ። ደጊቱ ሥራዋን ጨርሳ ብትመለስ ወተቱ ውኃ ሆኖ ጠበቃት። ደነገጠች። እስከዳር ከትምህርት ቤት ሳትገባ መልሳ በረዶ ቤት ከተተችና ዘጋችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ወተቱ እንደገና ረጋ። ለማክሰኞ ትኩስ የታለበው ስለበቃ እስከዳር በረዶ ቤቱን የከፈተችው በማግስቱ ማታ ነው፤ እየተጣደፈች እንደ ወትሮዋ ከላይ ያገኘችውን አወረደች፤ እኔም እንደ ወትሮዬ አሙቄ አጠጣሁ።

ሄቨን ማስመለስ ጀመረች። ተቅማጡ ተከተለ። ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ ደጊቱ ከበሯ ቆማ ምን ብትለን ጥሩ ነው? "ከጡት የወጣ ወተት የሞተ ነው! ብዬ ነበር፣ ማን ሰማኝ!"

እስከዳር መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። "እማማ ያምሮት፣ ሥራውን ልተወው ነው። ልጄን በገዛ ወተቴ ልገድላት ነው።"

ሰብለ ልጅቱን ተቀብላ የሚደረገውን ሁሉ አደረገችላት። ፋታ ስታገኝ ጠየቀችን።

"ወተቱ ከበረዶ ወጥቶ ቆይቶ ነበር?"

"የለም።"

"መብራትስ ጠፍቶ ነበር?"

"አልጠፋም።"

"ከወተቱ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን የቀረውን እንዳትሰጧት። ጡትሽን ደግሞ እንዳታቋርጪ፤ አሁን ከምንጊዜውም በላይ ትፈልገዋለች።"

ልጅቱ በረታችልንና ቤት ገባን። እስከዳር የቀረውን ልታወጣ ደጊቱ እያየች ፍሪጁን ከፈተች።

"እማማ፣ ይዩት እስኪ። እኔ አንድ በአንድ ነው ያስተኛሁት። ይሄ ምንድን ነው?"

ላስቲኮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ፣ ሆዳቸው አብጦ፣ ተጣብቀው አንድ ጓል ሆነዋል። እንደዚህ የሚጣበቀው ቀልጦ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ እንደገና የረጋ ብቻ ነው።

"ደጊቱ፣ ይህ ወተት ቀልጦ ነበር" አልሁ።

"እኔ ምን አውቄ?"

"ጾም ነው ደጊቱ። እየዋሸሽ ነው የምትጾሚው?"

መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። "የጾም ወጤ ከወተት ጋር ሲያድር ጾሜ የፈረሰ መሰለኝ። አወጣሁት፣ ቀለጠ። እንዳትቀየመኝ ብዬ መለስሁት። ሲረጋ ያው የፊተኛው መስሎኝ..."

እስከዳር አልጮኸችም። "ቀለጠ ቢሉኝ እኮ እደፋውና ሌላ አልብ ነበር፣ እትዬ" አለች ብቻ። ከዚያ ከእንቅልፏ እየተነሣች ያለበችውን ያን ሁሉ ወተት ተሸክማ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ጣለችው። ደጊቱ ቀና ብላ አላየችም።

ደጊቱ ክፉ ሰው አይደለችም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው! ክፉ ሰው ቢያደርገው በሬን ዘግቼ እተወው ነበር።

ከንስሐ አባቷ ከአባ ዘሚካኤል ዘንድ ሄዳ ተናገረች። ያሏትን ራሷ ነገረችኝ፦ "ሕፃን አይጾምም፣ የእናት ጡትም የፍስክ አይባልም። ብትጠይቂኝ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር። አለማወቅሽ ቀላል ነው፤ መደበቅሽ ነው የከበደው። ስግደት ከመስጠቴ በፊት እናቲቱን ይቅርታ ጠይቂ።" መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል እስከዳር ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

ልጆቼ፣ የታለበ ወተት አልሞተም፤ አያያዙን ካላወቅንለት ግን ሕፃን ይጎዳል። ባታውቁ ጠይቁ። ብታበላሹ ደግሞ ሳይመሽ ተናገሩ። ትልቅ ሰው ቅያሜን ይችለዋል፤ የሄቨን አንጀት ግን የደበቅነውን ሁሉ አይችልም።

እስከዳር ሥራዋን አልተወችም። አሁን በረዶ ቤቱ በሙሉ የሄቨን ነው። መብራት ሲጠፋ ደጊቱ ፍሪጁን ማንም እንዳይነካው በሩ ላይ ትቆምና ለእስከዳር ትደውላለች። ባለፈው፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ጎረቤታችን ውዳሴ በረዶ ልትወስድ ብትከፍተው አፏን ያዘች።

"ደጊቱ! በሁዳዴ ወተት?"

"የልጅቱ ምሳ ነው" አለች ደጊቱ ከጓዳ እየሮጠች። "ዝጊው አንቺ፣ ይቀልጥብኛል!"