እሜቴ ጀርባዋን የሰጠችው ሰው

እኔ በገድ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድማችሁ ልብ በሉልኝ፣ ወፍ በግራዬ ጮኸ ብሎ ከመንገዱ የሚመለስ ሰው ሳይ በሳቅ የምፈርስ ነበርኩ፣ እንዲያውም ደመወዜ የሚከፈለኝ ለልጆች «ወፍ ወፍ ነው፣ ገድ አይደለም» እያልኩ እንዳስተምር ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፣ አገሩ ደባርቅ። የዱር አራዊት መሥሪያ ቤታችን ክንፏ ተሰብሮ የዳነች፣ ግን መብረር የማትችል ንስር ነበረችው፣ ልጆቹ ኩራቷን አይተው እሜቴ አሏት፣ እኔም ክንዴን በወፍራም ቆዳ ጠቅልዬ እሷን አስቀምጬ እስከ ዳባት ድረስ ትምህርት ቤቶቹን እዞር ነበር፣ በወንጭፍ አትምቷት፣ ለጅብ ብላችሁ የምትመርዙት ሥጋ እሷንም ይገድላል እያልኩ። ልጆቹ እሷን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር የሚያዳምጡኝ።

ያመጣት ታናሽ ወንድሜ ውበቱ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ሊማሊሞ መንገድ ዳር ወድቃ አግኝቶ በካፖርቱ ጠቅልሎ ሲያነሳት እጁን በጥፍሯ ሸረከተችው፣ እሱ እቴ፣ ሰላምታዋ ነው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ሁሉ እሱን ወደደች፣ የመኪናውን ጥሩምባ ከሩቅ ስትሰማ አንገቷን መዝዛ ትጮሃለች፣ እሱ ካለ የምትቀለበውን የበሬ ሳንባ ከሌላ ሰው እጅ አትቀበልም፣ ቀን ከሌት የማስታምማት እኔ ባዳ ሆኜ ቀረሁ።

ነገሩን ያበላሹት ሹፌሮቹ ናቸው። ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት ግቢያችን ጎራ ብለው እሜቴን ያያሉ፣ ፊቷን ከሰጠቻቸው ገዳችን ቀና ብለው ይወርዳሉ፣ ጀርባዋን ከሰጠቻቸው እዚያው ደባርቅ ያድራሉ። ደሜ ይፈላ ነበር፣ እኔ ዳባት ድረስ ሄጄ የምገነባውን እነሱ ደጄ ላይ ያፈርሱታል! ዘበኛችንን አያ ሙላውን ጠረጠርኩ፣ በሳንባ እያባበሉ የሚያዞሯት እሳቸው መሰሉኝ፣ ብጠይቃቸው «እኔ ምን አገባኝ ልጄ፣ እሷ የምታየውን ታያለች» አሉኝና ጋቢያቸውን ተከናነቡ። አላመንኳቸውም።

አንድ ቀን ውበቱ ለጦሩ ስንቅ ጭኖ ወደ ዛሪማ እንዲወርድ ታዘዘ፣ እንደ ልማዱ እሜቴን ሊሰናበት መጣ። ፀሐይ ነው፣ አያ ሙላው ገበያ ወጥተዋል፣ የቤቷ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ያባበላት ሰው አለ እንዳልል ማንም የለም። ሳንባውን ዘረጋላት። እመኑኝ፣ እሜቴ ዞረች። ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ፣ እንደገና ዞረች፣ ሌላ ድምፅ የለም፣ ጥፍሯ እንጨቱን ሲቧጥጥ ብቻ ይሰማኛል።

የውበቱ ፊት አመድ መሰለ። «እታለም፣ ልቅር እንዴ?» አለኝ።

ቅር እንዳልለው፣ በወፍ ምክንያት የጦር ስንቅ አላወርድም ያለ ሹፌር አሻጥረኛ ተብሎ ወዴት እንደሚወሰድ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል፣ ሂድ እንዳልለው ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ። ሳንባውን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ከግቢው ሲርቅ ጥሩምባውን ነፋላት፣ አልጮኸችም።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፣ ደህና ነው፣ መኪናው ላይ ጭረት የለም፣ እናቴ እልል አለች፣ እኔም እፎይ አልኩ፣ አፌን ሞልቼ አያ ሙላውን ይኸው ገድዎ ብዬ አሾፍኩባቸው። እሳቸው ግን በሩ ላይ የቆመውን ውበቱን ሲያዩት ቆዩና ቀስ ብለው «እስቲ እሷ ትየው» አሉኝ።

ይዤው ገባሁ። ያቺ ኩሩ እሜቴ ገና ስታየው ከእንጨቷ ወርዳ ግድግዳው ሥር ተወሽቃ እንደ ጫጩት ተንቀጠቀጠች። ውበቱ አያትና «ይቺን አውሬ ደግሞ ከየት አመጣችኋት?» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ እሱ ግቢውን በረገጠ ቀን ቀለብ አትቀምስም ነበር፣ ክረምቱን ሳትዘልቅ ሞተች። እኔም መጠርጠሬን አልተውኩም፣ ጥፍሯ እጁ ላይ የተወውን ጠባሳ ሰርቄ አየሁ፣ በቦታው አለ፣ የልጅነታችንን ነገር እያዋዛሁ ጠየቅሁት፣ አንድም አልሳተም፣ እሜቴን እንዴት እንዳነሳት ብቻ አያውቅም፣ ድካም ይሆናል እታለም፣ ረስቼው ነው ይለኛል። በፊት ቁጡ ነበር እኮ፣ እናታችንን ሳይቀር ይቆጣ ነበር፣ አሁን ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እናታችንን እስክትሞት ጦሯታል፣ ሰፈሩ ይመርቀዋል፣ እኔንም ሲያመኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያድራል፣ እኔ ግን እሱ ካለ ዓይኔን አልከድንም።

ዛሬም ምሳ አብረን በላን፣ ሲያጎርሰኝ እጁን አየሁት። ለማን ይነገራል? ወንድሜ ከሆነ ለጥርጣሬዬ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ካልሆነ ግን ውበቱ ሊማሊሞ ሥር ቀርቷል፣ እኔም እህቱ እስከ ዛሬ አላለቀስኩለትም።