የደረቱ ቆዳ

ሽማግሌው በያጅ ሬሳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝተዋል። የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ሲያቃጥላቸው ሐኪሞቹ ከጭናቸው የቴምብር ያህል ጤነኛ ቆዳ ቆረጡ፤ ሴሎቹን ሦስት ሳምንት በቤተ ሙከራ አራብተው በስድስት ስስ ሉሆች ቁስላቸውን አለበሱላቸው። አምስቱ ይዘዋል። የደረታቸው ግን ተላቀቀ፣ በዚያ በኩል ኢንፌክሽን ገብቶ ገደላቸው።

«ሲስተሯ ናት! ባልታጠበ እጅ ነክታው ነው!» ብሎ ወንድ ልጃቸው ከሷል። ሃያ ዓመት ቁስለኛ ስታጥብ የኖረች ነርስ ዛሬ ነገ ልትታሰር ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባው ሳይለይ እህል አትቀበልም። ከደረቱ የተነሣውን ቅባታም ፋሻ ለብርሃን ያዘችው። ሉሁ እንዳይቀደድ ከፋሻ ጋር የሚያያዘው በአራት ትንንሽ ክሊፖች ነው፤ እያንዳንዱም አንድ ቀዳዳ ይተዋል። በዚህኛው ላይ ግን ስምንት ቀዳዳ ቆጠረች።

«ዶክተር፣ ፋሻው በየትኛው ፊት ይያያዛል?» አለችው የቤተ ሙከራውን ኃላፊ።

«ሁልጊዜ በላይኛው። ከሥር ያሉት እናት ሴሎች ናቸው፤ የሚራቡትም ቁስሉን የሚይዙትም እነሱ። የላይኞቹ ያረጁ ናቸው፣ ምንም አይዙም። በዐይን ስለማይለይ ቀዶ ሐኪሙ የሚያምነው ፋሻውን ነው።»

«ማን አያያዛቸው?»

«እኔ ብቻዬን። የሟቹ ሴት ልጅ የእኛው ባለሙያ ናት፤ ግን እዚህ ማንም የዘመዱን ቆዳ አይነካም፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የዕረፍት ፈቃድ ሰጥቻታለሁ። ሉሆቹ ያሉበትን ሳጥን ዘግቼ ሲስተር እስክትወስደው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።»

«እንከን አልነበረውም?»

«የደረቱ ጥግ ትንሽ ተሸብሽቦ ነበር። ስለማይጎዳ ለማንም አልነገርኩም።»

ነርሷ አንገቷን ደፍታ ጠበቀቻት።

«ሲስተር፣ ሳጥኑን ሲወስዱ እዚያ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም» አለች ቸኩላ።

መርማሪዋን ገረማት። ነርሷ ራሷን ለማዳን ብትፈልግ ኖሮ «ሰው ነበር» ማለቱ ነበር የሚያዋጣት።

ሴት ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ዐይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«ቤት፣ ፈቃድ ላይ። ሲስተር ግን እንዴት አበላሸችው? ያ የተሸበሸበው ጥግ እንኳ ተቃንቶ ነበር የሄደው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርማሪዋ ቃሏን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ባልታጠበ እጅ ቢሆን ስድስቱም ይበላሹ ነበር» አለች። «የተበላሸው አንድ ነው። እሱም ስምንት ቀዳዳ አለው፤ ተፈትቶ እንደገና ተያይዟል። ያን የሚችል የዚህ ክፍል ሰው ብቻ ነው። ጥጉ መሸብሸቡን የሚያውቁት ደግሞ ዶክተርና ሳጥኑን የከፈተው ሰው ናቸው።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ ነገርሽኝ እኮ።»

«አባቴ ላይ የተጨማደደ ነገር እንዲለጠፍ አልፈለግኩም» አለች ልጅቷ። «ፈትቼ አቃናሁት። እንባዬ እንዳይነካው አነሣሁት፣ ከዚያ ፋሻውን...» እጆቿ ባየር ላይ ሥራውን እየደገሙ ነበር። የማይታየውን ሉህ ገለበጡና ቀጥ አሉ። ፊቷ አመድ መሰለ። «ገልብጬዋለሁ» አለች።

ወንድሟ ወደ ነርሷ ዞረ። «አይተዋት ነበር?»

«ስትወጣ አይቻታለሁ። አባቷ ሬሳ ቤት ተኝተው ምን ብዬ አፌን ልክፈት?»

ወንድምየው ተነሣ። በአባቱ ሬሳ ፊት ገዳዩን እንደማይምር የማለ ሰው ስለነበር መርማሪዋ ልትይዘው እጇን ዘረጋች። እሱ ግን እህቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቿን ያዘ።

«እኔም ባየው አቃናው ነበር» አላት።

ያኔ ልጅቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።