ቅጠሉ ገና ነው

«ዞር በይ!» አጎቷ በርሜሉን በእግሩ ገፋው። በርሜሉ ተንከባሎ ጥቁሩ ከሰል ጓሮው ላይ ተዘረገፈ። «አባትሽ ዝም ስላለሽ እኔም ዝም የምልሽ መሰለሽ? ነገ ጎመን ነጋዴዋ ስትመጣ መሬቱ ድኗል ትያለሽ። አለቀ!»

ልጅቷ ተንበርክካ ከሰሉን በእጇ መሰብሰብ ጀመረች። ቀና ብላ ብታየው እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አባቷና አጎቷ በጋራ ከሚያርሱት ማሳ በላይ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚቀልጥበት ቤት ነበር። ቤቱ ቢዘጋም ከባትሪው የወጣው መርዛም እርሳስ አፈሩ ውስጥ ቀረ። ትንሹ ወንድሟ ሆዱን ሲያመው፣ ሲነጫነጭና ሲከሳ ከርሞ፣ ሐኪሙ ደሙ ውስጥ እርሳስ አገኘ። እሷም ከማሳው አፈር ዘግና፣ በላስቲክ ቋጥራ ለሳይንስ መምህሯ ወሰደች። ውጤቱ በተሰማ ማግስት ከሰፈሩ ጎመን የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሰላምታዋን አይመልስም። ክፍል ውስጥም ስሟ ተረስቶ «እርሳስ» ሆናለች። «እርሳስ፣ ልቅረጽሽ?» ይላታል ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

መምህሯ ግን መላ አላጡም። ገለባና የበቆሎ ቆረቆንዳ ክዳኑ በተገጠመ በርሜል ውስጥ፣ አየር እያጣ እንዴት እንደሚከስል አሳዩዋት። ከሰሉ ደቆ አፈር ውስጥ ሲገባ እርሳሱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሥሩ እንደ ልቡ አይስበውም። «አያጠፋውም፣ ያስረዋል እንጂ» ነበር ያሉት። ከአባቷ ጋር ማሳውን በሙሉ ከሰል አለበሱት። ጎመኑም አማረ፤ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መምህሯ ጠርተው የቅጠሉን ውጤት ነገሯት። «በጣም ቀንሷል። ለመብላት ግን ቅጠሉ ገና ነው። መሬቱ ሌላ ዙር ከሰል ያስፈልገዋል።»

«ቀንሷል አይደል ያሉሽ?» አጎቷ ከበላይዋ ቆሟል። «ታዲያ ድኗል ማለት ምኑ ነው ውሸቱ? ልጆቼ ምን ይብሉ፣ ይሄን ከሰልሽን?»

ልጆቹ በእርግጥ እየተራቡ ነበር። ጎመን በጤና ይባላል፤ ጎመኑ ራሱ ጤና ሲነሳስ?

ጠዋት ነጋዴዋ መጣች። ቅጠሉን አገላብጣ አየች፣ በጥፍሯ ቀነጠበችው። «እንዴት ነው ያማረው! ከሰሉ ጉድ ሠራ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

አጎቷ ከጀርባዋ ነበር። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። «በይ ንገሪያት» አለ እየሣቀ። ጎረቤቶቹ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ። አዎ ብትል ሁሉም ሰላም ይላታል። አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ከሰሉ ይሠራል» አለች። «ግን ቅጠሉ ገና ነው። እኔ ወንድሜን አላበላውም።»

ነጋዴዋ የያዘችውን ጣለችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሳትሰናበት ሄደች።

«እባብ ነው ለካ ያሳደግነው!» አለ አጎቷ። «ከዛሬ ጀምሮ አጎቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!»

«ይድፋሽ!» አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ማዶ።

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱን አዙሮ ገባ።

ሌላ ዙር ከሰል እንዲገባ፣ ጎመኑ ፍየል እንኳ ሳይቀምሰው መነቀል ነበረበት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ነቀለች፣ አፈሩን ከሥሩ አራግፋ ጆንያ ውስጥ ከተተችው። አጥሩ ጋ ካሉት አንዱ ጓል ወረወረ፤ እግሯ አጠገብ ተፈረካከሰ። ቀና አላለችም። አንዱን መደብ ስትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ወደሚቀጥለው ተሻገረች።