የተገለበጠው ክዳን

«ካፒቴን፣ ይቺ መርከብ አሁንም ጨው ትወዳለች?»

የይለፍ ቃሉ ይህ ነበር። ሽማግሌው «ከእኔ በላይ» ብሎ መመለስ ነበረበት።

አልመለሰም።

ሂልዳ ዚንክ ፈገግታዋን አላጠፋችም። በካናዳው ሉነንበርግ ወደብ ዛሬ ከኦንታሪዮ የመጣች ጎብኚ ናት፤ ካሜራ፣ ባርኔጣ፣ የሙዚየም ካርታ። ክንዷን የያዘው ሙሬይ ለጎብኚው ሁሉ ባሏ ነው፤ በእውነቱ የስለላ ቢሮ አለቃዋ ነው። ብቻዋን ልትመጣ ለምናው ነበር። «ባል የሌላት ጎብኚ ዓይን ውስጥ ትገባለች» ብሎ ተከተላት። የምስክሩን ስም ግን አልነገረችውም ነበር።

ምስክሩ ይኸው ነው። ኦረን ክኒክል፣ አርባ ዓመት ዓሣ አጥምዶ አሁን አሮጌ መርከብ የሚያስጎበኝ። ሰርጓጅ መርከብ የሚያዳምጡ የባሕር ስር መሣሪያዎችን ቦታ ለሶቪየቶች የሚሸጠውን ሰው እዚሁ መርከብ ላይ ፖስታ ሲደብቅ ፎቶ አንስቶታል። ማንነቱን አያውቅም። ሂልዳ በሕይወት አወጣሃለሁ ብላ ቃል ገብታለታለች።

ኦረን ጎንበስ አለ። የታችኛውን ጓዳ ክዳን አነሳና በጀርባው ገልብጦ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ሂልዳ ዓይኗን ክዳኑ ላይ ተከለች።

የዚህ አገር ዓሣ አጥማጅ ቤቱ ቢቃጠል ክዳን አይገለብጥም። ክዳኗ የተገለበጠ መርከብ ትሰምጣለች ይላሉ። እሷም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። የሽማግሌው ዓይን ሙሬይን አየት አድርጎ ተመለሰ።

ከሃዲው ክንዷን ይዟል። ያመጣችውም እሷው ናት።

ሙሬይ ቶሮንቶ ያደገ ሰው ነው፤ ክዳኑን ልብም አላለው። ጥያቄዋን ግን ሰምቷል፤ ምስክሩ ማን እንደሆነ ገብቶታል።

«ካፒቴን፣ ታች ያለውን አሳየኝ።» ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ና። ግን አናትህን ጠብቅ፣ ለከተሜ ጣሪያው ዝቅ ይላል።» ኦረን የሂልዳን እጅ ይዞ ክዳኑን አሻገራት። የፎቶው ፊልም መዳፏ ውስጥ ቀረ። «አንቺ ልጄ ወደ መሬት ውረጂ። ታች ይሸታል፣ ሆድሽ አይችለውም።»

ልትጮህ ፈለገች። ብትጮህ ሙሬይ ሁለቱንም ይገድላል፣ ፊልሙም ይጠፋል።

«እሺ አባባ» አለች።

ወረደች። ዞራ አላየችም።

ፊልሙ ሃሊፋክስ ላሉት የሙሬይ የበላዮች ሲደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሙሬይ ራቱን ሳይበላ ተያዘ። ኦረን በጓዳው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ከመሰላል ወደቀ ተባለ። በማዕበል ላይ አርባ ዓመት ያልወደቀ ሰው። ሂልዳ ለሚስቱ እውነቱን ልንገራት ብላ ጠየቀች። ተከለከለች። በቢሮው መዝገብ ላይ «ሂልዳ እዚያ ሄዳም አታውቅም» ተብሎ ተጽፏል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መርከቦቹን አየሻቸው?»

«አልደረስኩም» አለች። «እዚህ አገር ሰው አላውቅም።»