ቦታውን የለቀቀው ማማ

ሰው የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ስለ ምን እንደ ጦር አሹሎ ወደ ሰማይ ይሰድዳል? በዚያች የወደብ ከተማ የኖሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ በየፊናቸው መልሰውታል፤ የእነርሱን ነገር የሚተርክ ሰው ግን ከመልሶቹ አንዱን መርጦ ለመናገር ገና አልደፈረም።

ዘመኑ መርከብ በሸራ የሚነዳበት፣ ነገሥታትም ስለ ወደብ የሚዋጉበት ዘመን ነበር፤ ወሩም ክረምቱ ወጥቶ ባሕሩ ገና ያልረጋበት። ከከተማዪቱ ፊት ለፊት፣ ከውኃው በታች፣ ሰፊ የአሸዋ ደለል ተዘርግቷል፤ በደለሉ መካከል መርከብ የሚያሳልፍ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠባብ። ከባሕር የሚመለስ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሹል ማማና ከበስተኋላው ኮረብታ ላይ ያለው የነፋስ ወፍጮ በአንድ መስመር እስኪገጥሙ ድረስ ይጠብቃል፤ ሲገጥሙለት በዚያው ቀጥ ብሎ ይገባል።

ማማውን የሠራው አናጢ ሙያውን ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አልሆነለትም፤ ምሳውን ሳይጨርስ ይነሣል፤ እያወራ በር በሩን ያያል። ማማው በተመረቀ ቀን ቄሱ “ይህ ወደ ሰማይ የሚያመለክት ጣት ነው” ብለው ሰበኩ፤ ሹማምንቱ ከጎረቤት ከተማ ማማ መብለጡን በገመድ አስለኩ፤ እሱ ግን “ጣሪያ መጀመሪያ የሾለው ዝናብ እንዳይተኛበት ነው፤ የቀረውን ትርጉም ሰው ቆይቶ ጨመረበት” አለ።

እናቱ ሳቀችበት። “አይ የተማረ ልጅ! እኔ ደግሞ ወንድምህ ቤቱን እንዳያጣ ያቆምከው መስሎኝ ነበር።”

ታናሽ ወንድሙ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ሳቂታው ይለዋል። በዚያ ወር ከጓደኞቹ ጋር ሩቅ ባሕር ወጥቶ ሳለ የጠላት መርከቦች ከደሴቶቹ ጀርባ ታዩ የሚል ወሬ ደረሰ። የወደቡ አዛዥ አናጢውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አስጠሩት።

“ይህ ማማህ ለጠላት መንገድ መሪ ሆኖ ቆሟል” አሉት። “መጥረቢያ የያዙ ወታደሮች እሰጥሃለሁ፤ ጣለው።”

ማማው ሚስማር አልነካውም። እንደ ሙያው ሥርዓት፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ተጋጥሞ፣ እያንዳንዱ እንጨት ምልክት ተቀርጾበት፣ ከዚያ ተፈትቶ ጣሪያው ላይ በእንጨት ችንካር የተገጣጠመ ነበር። አናጢው መጥረቢያ የሚለውን ቃል ሲሰማ ማሰቢያ ጊዜ አልወሰደም።

“ክቡር አዛዥ፣ መጥረቢያ አይንካው፤ እኔው እፈታዋለሁ። ፈትቼም ወደቡ ጫፍ፣ የእህል ጎተራው ላይ እተክለዋለሁ።”

“ምን ሊያደርግልኝ?”

“ከዚያ ሆኖ ከወፍጮው ጋር ሲገጥም መስመሩ ደለሉ ላይ ይጥላል፤ ጠላት የለመደውን ምልክት አምኖ ይገባል፤ ገብቶም ይቀመጣል።”

አዛዡ ከት ብለው ሳቁ። “ለካ ባሕር ማዶ ተንኮልም ያስተምራሉ!”

ቄሱ ግን አልሳቁም። “ልጄ፣ የጸሎት ቤት ማማ ይዋሻል እንዴ?”

“አባ፣ እንጨት እኮ ነው።”

“እንጨት ከሆነ ከመጥረቢያ ለምን አዳንከው?”

አናጢው ፊቱን ወደ ማማው መሰላል አዞረ።

በመዘውርና በገመድ እንጨቱን አንድ በአንድ አወረዱት። ሠራተኞቹ ይቀልዱ ነበር። “ማማው ከቄሱ ተጣልቶ ቤት ለቀቀ!” አለ አንዱ። “ጎተራ ላይ ወጥቶ ለማን ሊሰብክ ነው?” ቢል ሌላው፣ “ለአይጦቹ ነዋ! እነሱስ ነፍስ የላቸውም?” አሉት። አናጢውም ሳቀ፤ ከተመለሰ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ልቡ የረጋለት ቀን አልነበረም። ማማው በጎተራው ላይ ሲቆም፣ ከበፊቱም ይበልጥ ቀጥ ያለ መሰለው።

ቤት ሲገባ እናቱ መስኮቱ ሥር መረብ ትጠግን ነበር።

“ጨረስክ?”

“ጨረስኩ እማዬ። አንዲት ችንካር አልተሰበረችም።”

“እሰይ።” መረቡን ጉልበቷ ላይ አኖረች። “እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ማማው ጭራሽ ባይኖር፣ ወንድምህ ምን ያደርግ ነበር?”

“ምልክቱን ሲያጣ መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃላ። ቢስቅም ሞኝ አይደለም።”

“አሁንስ?”

አናጢው በመስኮቱ ወደ ጎተራው ተመለከተ።

“አሁን ጠራኸው” አለች። “በገዛ እጅህ ወደ አሸዋው ና አልከው።”

እየሮጠ አዛዡ ዘንድ ሄደ። “ይፍቀዱልኝ ጌታዬ፣ ላውርደው። ዓሣ አጥማጆቻችን ውጭ ናቸው፤ ወንድሜም አለበት።”

“የእኔም ልጅ ምሽግ ላይ ነው” አሉ አዛዡ፤ ድምፃቸው ግን አልጠነከረም። “ሐሳቡ የማን ነበር?”

የጎተራው በር በወታደር ተጠበቀ፤ ወደቡም ተዘጋ። ሆኖም አንዲት ጨው ነጋዴ ነበረች፤ ጀልባዋ ሆዱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ደለሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። አናጢው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ።

“እህቴ፣ አደራሽን። ሳቂታውን ካገኘሽው፣ ማማውን አትመነው በይው። ወንድምህ ነው ያለው በይው።”

“ካላገኘሁትስ?”

“ላገኘሽው ሁሉ ንገሪ።”

ከዚህ በኋላ የሆነውን የከተማዪቱ ዜና መዋዕል መዝግቦታል፤ የጠላት መርከቦች ሙሉ ሸራቸውን ዘርግተው መጡ፤ ደለሉ ላይ ተቀመጡ፤ መድፍም ፈጃቸው። መጽሐፉ የአዛዡን ብልሃት ያመሰግናል፤ ማማው መዛወሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያነሣል፤ ያዛወረውን ሰው አይጠራም። ባሕር ላይ ስለ ነበሩት ጀልባዎች ምንም አይልም፤ ድል የጻፈ ብዕር አሸዋ ላይ የተሰባበረ ሳንቃ የማን ጀልባ እንደ ነበረ ለመለየት ጊዜ የለውም። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዳንዶቹ በደሴቶቹ በኩል ዞረው፣ ራቅ ካለ ዳርቻ ወርደው በእግር ገቡ፤ ሳቂታውን ያየ ከመካከላቸው አልነበረም። ጨው ነጋዴዋም አደራውን ላገኘችው ሁሉ መናገሯን ለአናጢው ምላ ነገረችው፤ ማን ለማን እንዳደረሰው ግን አታውቅም።

ሰላም ሲሆን አናጢው ማማውን ፈትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰው። ሥራው ባለቀ ማግስት ወደ ወደቡ ወረደና ወደ ደሴቶቹ ለሚሻገሩት ባለ ጀልባዎች ሌላ ቃል አስያዘ፦ “ማማው ቦታው ላይ ነው፤ እናታችን ደኅና ናት፤ ና ግባ።” ባለ ጀልባዎቹ ቃሉን ይዘው ሄዱ፤ በየወቅቱም ይዘው ሄዱ። መልስ አልመጣም።