ዩኩሌሌዋን የያዘው እጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው በገዛ እጄ ላይ የደረሰውን ነው።

ቅዳሜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የእህቴ ሳሎን። መስኮቱ ተከፍቶ የፀሐይ ብርሃን ገብቷል።

አናጢ ነኝ። ድሮ አባታችን ለታላቅ ወንድሜ ጊታር ሲገዛ፣ እኔን "ያንተ እጅ ለመዶሻ ነው" አለኝ። ወንድሜ ጊታሩን በዓመቱ ሸጠው። ማንም ምንም አላለውም።

እኔም በሃምሳ ዓመቴ ዩኩሌሌ ገዛሁ። ትንሽዬ ጊታር በሏት፣ አራት ክር ብቻ ያላት።

በሦስት ወር ግራ እጄ ታመመ። የእጄ አንጓ ይነድዳል። ሚስማር መያዝ እንኳን አቃተኝ። ይህ እጅ ከቀረ ሥራዬም ቀረ።

እህቴ ሙዚቃ አስተማሪ ናት። አያያዜን አይታ ሳቀች።

"ጋሼ፣ ዶሮ እያነቅህ ነው እንዴ?"

ቆረቆረኝ።

"አውራ ጣትህን አላላ። የዩኩሌሌዋን አንገት በግራህ አትሸከም። በቀኝ ክንድህ ደረትህ ላይ ደገፍ አድርጋት። በል፣ ግራህን ልቀቅ። ካልወደቀች ልክ ይዘሃል።"

ለቀቅኩ።

አልወደቀችም።

"ጎበዝ! አሁንስ ያምሃል?"

"ምንም።"

እውነቴን ነው። ሕመሙ ጠፋ...

እጄም ጠፋ። ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ አየዋለሁ። ግን አይሰማኝም። መደንገጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ድንጋጤው አልመጣልኝም።

እህቴ ሳቋን አቆመች።

"ጋሼ..." አለች በሹክሹክታ። "ቀኝ ክንድህስ?"

ዞሬ አየሁ። ቀኝ ክንዴ ከወንበሩ ጎን ተንጠልጥሏል። መቼ እንዳወረድኩት አላውቅም።

ዩኩሌሌዋ ደረቴ ላይ ናት።

"ማነው የያዛት?" አለች እህቴ።

"እኔ እንጃ።"

"አትንቀሳቀስ።"

ክሮቹ አንድ በአንድ ወደ እንጨቱ ዝቅ አሉ። ጣት ሲጫናቸው እንደሚሆኑት። ጣት ግን የለም።

ከዚያ ተመታች። ጥርት ያለ ድምፅ... እኔ በሦስት ወር አንዴም ያላወጣሁት።

"እጅህን አየኸው?" ወደ ጭኔ ጠቆመች።

አየሁት። ጭኔ ላይ እንደተጋደመ፣ የጣቶቼ ጫፍ ላይ የክር ምልክት ይሰምጣል። ድምፁ ሲቀየር ምልክቱም ቦታ ይቀይራል።

"ያምሃል?"

"አይ።"

"በእናታችን፣ አንሳው!"

"እንዴት ብዬ?"

ክርኔን ይዛ በሙሉ ኃይሏ ወደ ራሷ ጎተተች።

ያኔ አንጓዬ ላይ ቆዳዬ አምስት ቦታ ገባ አለ... አንድ ሰው የጨበጠው ይመስል።

እጄም ቀስ ብሎ ወደ ክሮቹ ተጎተተ።