ቱቦውን ማን ነው የሚያወርደው?

ውሸት ነው የምትሉ ቡታጅራ ኑና ራሳችሁ እዩት። እኔ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ያለፈው ጁምዓ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል... ፀሐዩ አናት ይበሳል። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጭማቂ ቤቴ ውስጥ።

ባንኮኒው ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለኝ። ለዓሦቹ ስም ያወጣችው ልጄ ናጃህ ናት። አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ።

አቮካዶና ፓፓያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱ። ልጄ አልበላም ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። "ማንጎ አይሞትም" ብዬ ቃል ገባሁላት።

የሚሞቱበትን ምክንያት አውቀዋለሁ እኮ! ፊልተሩ ውሃውን ስቦ፣ አጣርቶ፣ በቱቦ ይመልሳል። የቱቦው አፍ ከውሃው ትንሽ ከፍ ካለ፣ የሚወርደው ውሃ ላዩን እየበጠበጠ አየር ያስገባል። ቱቦው ከጠለቀ ግን ላዩ ይረጋል፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን አንድ ሰው ቱቦውን ያወርደዋል።

ከፍ አደርገዋለሁ። ዞር ስል... ወርዷል።

መጀመሪያ ደንበኞቼን ጠረጠርኩ። "ድምፁ ሽንቴን አመጣብኝ" እያሉ የሚያሾፉ አሉ። ቀጥሎ ባለቤቴን ሳፊያን።

"ስትሰግጂ ረብሾሽ ነው አይደል?"

"ወላሂ አልነካሁትም። ለምን አታምነኝም?"

አላመንኳትም። ተኮራረፍን። ጁምዓ ጠዋት መስቃን እናቷ ጋ ሄደች።

ለሶላት ስወጣ ቱቦውን ከፍ አድርጌ ከገንዳው ጠርዝ ጋር በሽቦ አሰርኩት። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት።

ጸጥታ...

ሽቦው ተፈትቶ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። በሥርዓት ተጠቅልሎ።

ቱቦው እስከ ታች ወርዷል። ማንጎ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል...

ሳፊያ ጋ ደወልኩ።

"መጥተሻል እንዴ?"

"መስቃን ነኝ። ለምንድነው የምታንሾካሹከው?"

"ቱቦውን... ማንም ሳይገባ..."

"ቆይ። አጠገብህ ማነው?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ የሚያለከልከው ማነው?"

ስልኩን ዘጋሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። እጄን ነክሬ ቱቦውን ጎተትኩት።

አልመጣም።

ደግሜ ሳብኩት። ከታች... መልሶ ሳበኝ።

"ልቀቅ!" አልኩ። "ልጄ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው፣ ልቀቅ!"

ለቀቀ።

ውሃው ከላይ እየወረደ ላዩን መበጥበጥ ጀመረ። ማንጎ ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች ዋኘ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ይሄ መብራት! ፊልተሩ ቆመ።

ውሃው ረጋ።

በዚህ መሐል ናጃህ ቦርሳዋን እንዳዘለች ሮጣ ገባች።

"አባ፣ ማንጎ አለ?"

"አለ... አትጠጊ! ናጃህ!"

አልሰማችኝም። እንደ ሁልጊዜው ልትስመው አፏን መስታወቱ ላይ አስጠጋች። በትንፋሿ መስታወቱ ደበዘዘ።

ማንጎ ከታች ጥግ ተሸጉጧል።

ከውስጥ በኩል... ውሃው ባለበት በኩል... ልክ ከልጄ አፍ ትይዩ፣ መስታወቱ በሌላ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ደበዘዘ።